ያልተቀመሰው ተዝካር

አፋፍ ማርያም፣ ግንቦት 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ወንድሜ ይታየው፣

እንደምን ከረምህ? የስፌቱ ሥራ እንዴት ይዞሃል? መልስ በማዘግየቴ ይቅር በለኝ፤ ባዶ እጄን ልጽፍልህ አልፈለግሁም ነበር። አሁን የምጽፈው አለኝ፤ አባታችን ከእስር ወጥተዋል።

እንዴት ናቸው ላልኸው፣ ከስተዋል፣ ሳልም ይዟቸዋል። እህል ይቀምሳሉ። ነገር አይናገሩም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱና ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያስቀድሳሉ። «ምነው አይገቡም?» ብላቸው «ሰው የሚገባው ስሙን ይዞ ነው፤ የእኔ ስም እዚያ መስክ ላይ ቀርቷል» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ሌላ ምንም አልፈልግም ይታየው። ካሣም ይቅርብኝ። የአባቴን ስም ከወሰደው ሰው እጅ ማስመለስ ነው የምፈልገው፤ ሲመልስም ይመመው።

«የገዛ አገራችን ሽማግሎች እንዴት አባቴን ሌባ ይላሉ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አንተ ያን ጊዜ እዚያው ዓለም ከተማ ስለነበርህ በሰው በሰው ነው የሰማኸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ለጤና ኬላው ጣራ ሕዝቡ አዋጥቶ ያስመጣው ቆርቆሮ ከግቢው ጠፋ። ዘበኛው አባታችን ነበሩ። የዚያን ዕለት ግን ተገኘ ራሱ፣ የወረዳው ሹም፣ የኛው መንደር ልጅ፣ ቁልፉን ተቀብሏቸው «ዛሬ ሚሊሻ ይጠብቃል፣ እርስዎ ይረፉ» ብሏቸዋል። ቆርቆሮው ደብረ ብርሃን በሠራው ቤት ጣራ ላይ ተመትቶ ገበያተኛ ሁሉ አይቶታል። እሱ ግን ቀድሞ ጮኸ። «አውጫጭኝ ይጠራልኝ!» አለ።

ሕዝቡ መስኩ ላይ ወጣ። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ሌባው ሳይታወቅ እህል አይቀመስም፣ ሳያልቅ ተነሥቶ የሄደ ሌባው እሱ ነው። እያንዳንዱ ለሽማግሎቹ በጆሯቸው ተናገረ። የሌባውን ስም ሹክ የሚለውን ሰው ወፍ ይሉት የለ? ወፏ ማን እንደሆነች፣ እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ሽማግሎቹ ትንፍሽ ላይሉ ይምላሉ። መጨረሻ ላይ ከሽማግሎቹ አለቃ መርስዔ ኃዘን ተነሡና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «ወፏ አባይነህን ብላለች» አሉ። ተገኘ ከጎናቸው ተቀምጦ ነበር፣ ከጀርባው ባለጠመንጃዎቹ።

ግምገማውስ ላልኸው፣ ተሃድሶ መጥቷል፣ ሹም ሁሉ ሊመረመር ነው ሲሉን እኛም አምነን ሄድን። ተገኘ ከመድረኩ ተነሥቶ «የአመለካከት ዝቅጠት ታይቶብኛል፤ የቀረበብኝን ሂስ እውጣለሁ» አለ። አጨበጨቡለት። እጄን አውጥቼ «ቆርቆሮውስ?» ብል ሰብሳቢው «እህት፣ መድረኩ የመስመር ጉዳይ የሚታይበት ነው፣ የቆርቆሮ አይደለም» አለኝ። ቆርቆሮ ለዋጠ ሰው ሂስ ምን ይከብደዋል? አሁን ተገኘ ከዚህ ወረዳ ተነሥቷል። ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

እህትህ ጥሩሸዋ


ዓለም ከተማ፣ ሰኔ 11 ቀን 1994 ዓ.ም.

እታለም፣

የአባታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ሹራቡንና የሳል መድኃኒቱን በነጋዴው በባድሩ እጅ ልኬያለሁ። ባድሩ ከእንግዲህ ደብዳቤያችንንም ሊያመላልስልን ቃል ገብቷል፤ አደራ የማይበላ ሰው ነው።

«ወዴት እንደሄደ አላውቅም» ያልሽውን አላመንኩሽም። እኔ እንዳልሰማ ደብቀሽኝ ነው አይደል? እንግዲያው ስሚ፤ እዚሁ ነው ያለው። ዓለም ከተማ፣ ከሱቄ ማዶ። ወንበሩ ከፊተኛው ይሰፋል አሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል ነበር። ይሄኛውን ምን ይቆጨዋል? ሲሾም በላ፣ ሲሻርም ተሾመ።

ትናንት ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ሕፃን ሳለሁ ነው ያየኝ፣ አላወቀኝም። ተንበርክኬ ለካሁት። «የት አገር ልጅ ነህ?» ሲለኝ «የመንዝ» አልኩት። «አይ መንዞች! ቂመኞች ናችሁ» ብሎ ሳቀ። ራሱ የት ተወልዶ! መቀሱ በእጄ ነበር እታለም። ልኩን ሁለቴ ስስት አይቶ «በልተሃል ዛሬ?» አለኝ።

አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ። እሺ በይኝ።

ወንድምሽ ይታየው


አፋፍ ማርያም፣ ሐምሌ 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይታየው፣ ሰላምታውን ሌላ ጊዜ።

አይሆንም። መቀሱን ለጨርቅ ብቻ አውለው። እሱ ቢሞት ታጋይ ነበር ብለው በክብር ይቀብሩታል፤ አንተ እስር ቤት ትበሰብሳለህ፤ አባታችን ሌባ መባላቸው ሳያንስ የነፍሰ ገዳይ አባት ይባላሉ። የሄደው ስማቸው በዚያ ይመለሳል? ብትነካው የእናታችን አጥንት ይፋረድህ።

ቂሙን ለእኔ ተውልኝ። እኔ እይዘዋለሁ። የንስሐ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ቢሉኝ «እንግዲያው ጸሎቱ ይቆየኝ አባቴ» አልኋቸው። አማተቡብኝ።

አቤቱታው የት ደረሰ ላልኸው፣ አንዱ ቢሮ «በግምገማ ታይቶ ተዘግቷል» ይላል። ሌላው «ግለሰቡ ከኛ ሄዷል፣ ጉዳዩም አብሮት ይሄዳል» ይላል። አንዱ ደግሞ ሻይ አጠጥቶ ሸኘኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር የድሮዎቹ፤ አሁን የማይከሰሰው ከመብዛቱ የተነሣ ንጉሡ የትኛው እንደሆነ ጠፋን።

ትንሽ ላስቅህ። ያቺ የተገኘ እናት፣ ጌታነሽ፣ ራሷ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ባና ታቅፋ መጣች። «ለአባይነህ ነው፤ ደረቱን ብርድ እንዳይመታው» ትላለች፣ እንባዋ እየወረደ። ተቀበልኋትና ዓይኗ እያየ አጥሩ ላይ ወረወርሁት። ዝናቡ ወረደበት። ልጇ የሰረቀብንን ጣራ በባና ልትከድንልን ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። አባታችን ግን ተቆጥተው እኔንም ማናገር ተዉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጥሩሸዋ


ዓለም ከተማ፣ ጥር 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም። የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። በየቀኑ ከሱቄ ፊት ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ወፍሯል። ለውሃ ቧንቧ እያለ የዚህንም አገር ሰው አስዋጥቷል፤ ቧንቧውን እስካሁን ያየው የለም። ሰው ያጉረመርምና «ማን ይጠይቀዋል?» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

እናቱ ማረፏን ከባድሩ አፍ ሰማሁ። አንቺ ለምን ደበቅሽኝ? ነፍስ ይማር ልል ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ።

አሁን የምነግርሽን በደንብ አንብቢው። ለአርባዋ ጥቁር ኮት እንድሰፋለት አዞኛል። ጾም ሳይገባ ተዝካሯን ሊያወጣ ነው፤ ሰንጋ ይጣላል፣ ትልልቅ ሹማምንት ይጠራሉ። «አገር ጉድ እንዲል እፈልጋለሁ» ይለኛል ክንዱን ዘርግቶ። ይመጣል ማለት ነው እታለም። በገዛ እግሩ ወደ አፋፍ ማርያም ይመጣል። ቂሙን ለእኔ ተውልኝ ብለሽ ነበር። እስካሁን ትቼልሻለሁ። ምን አሰብሽ?

ይታየው


አፋፍ ማርያም፣ ጥር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይታየው ወንድሜ፣

ኮቱን አሳምረህ ስፋው። እንዳትቸኩል፣ እንዳታበላሸው፤ ምንም ነገር አይጠርጥር።

ያልጻፍሁልህ ለቅሶዋን ስላልሄድሁ ነው። አባታችን ግን ሄደዋል። ከሰው ርቀው ቆመው አፈር እስክትለብስ ድረስ አለቀሱ። ለዚያች ሴት ምን እንባ አላቸው ብዬ ተናደድሁ።

ያሰብሁትን ሁሉ በወረቀት አላሰፍረውም፤ ባድሩን ባምነውም መንገዱን አላምነውም። አለቃ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ሄጄ እንደነበር ግን እወቅ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ «መቼ ትመጣለች እያልሁ ነበር» አሉ። ልሰድባቸው አስቤ ነበር፤ ስድቤን ቆመው ሲጠብቁ ሳያቸው ተውሁት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። «አውጫጭኝ መጥራት የሚችለው ማን ነው? ሹም ብቻ ነው?» አልሁ። «የተበደለ ሁሉ ይጠራል» አሉኝ። «ተበድያለሁ» አልኋቸው።

አንተ እንዳትመጣ። ቤት ለቤት የዞርሁት እኔ ነኝ። እምቢ ያለኝ የለም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ለጤና ኬላው ድንጋይ የተሸከመ ትከሻ ሁሉ ያስታውሳል።

ጥሩሸዋ


አፋፍ ማርያም፣ የካቲት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይታየው ሆዴ፣

የኮቱን ኪስ ምን አድርገኸው ነው? እሱን ሳልጠይቅህ ሌላውን ልጽፍልህ አልችልም።

ዳሱ ትልቅ ነበር። ሰንጋው ታርዷል፣ ጠላው በጋን በጋን ተደርድሯል፣ መኪና ያላቸው እንግዶች የክብር ቦታቸውን ይዘዋል። ፍትሐቱ አለቀ። ሕዝቡ ግን ዳስ አልገባም። በበሩ እያለፈ መስኩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ፣ ያው የበፊቱ መስክ ላይ። ተገኘ ወጣና «ወገኖቼ፣ ምነው? ግቡ እንጂ!» ሲል አለቃ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አውጫጭኝ ላይ ነን ልጄ» አሉት። «የጤና ኬላውን ቆርቆሮ የወሰደው ሳይታወቅ እህል አንቀምስም። አንተም ያገር ልጅ ነህ፤ ተቀመጥ።»

«ያ ጉዳይ እኮ ተዘግቷል አለቃ» ብሎ ሳቀ።

«እዚያ ተዘግቶ ይሆናል። እዚህ ገና ነው።»

ወደ እንግዶቹ ዞር ብሎ አየ። እምቢ ቢል ምን ሊሉት ነው? ወንበር አስመጣ። አለቃ «በአውጫጭኝ የሰው ሁሉ መቀመጫ መሬት ነው» አሉት። ያ ያሳመርኸው ኮት ሣር ላይ ተቀመጠ። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሣ ወደ ሽማግሎቹ ጆሮ ሄደ። ሲሄድም ሲመለስም ማንም ዓይኑን ከተገኘ ላይ አላነሣም። ፀሐዩ ከረረ። ከዳሱ የወጡ እንግዶች እርስ በርሳቸው ተያዩና መኪናቸውን እያስነሡ ሄዱ፤ አንዱም አልተሰናበተው። ላቡን ሊጠርግ መሐረብ ፈልጎ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ አልገባለት አለ። በሌላኛው ሞከረ፣ እሱም እንዲያው። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔ አልሸፈንሁም፤ አይቶኝ ሳቅሁ።

እዚህ ላይ ነው ቱግ ያለው። «ይህ ፀረ ሕዝብ አድማ ነው! እያንዳንድሽን አሳይሻለሁ!» አለ። ድንጋይ ያነሣ የለም፤ ቀድሜ አስምያቸዋለሁ። ሹፌሩን ጠራ፣ በሰው መሐል እየተራመደ ወደ መኪናው ሄደ።

ተነሥቶ ሄደ ይታየው! ሽማግሎቹ ስም ሳያወጡ፣ በገዛ እግሩ ተነሥቶ ሄደ! ሕጉን ከኛ እኩል ያውቀዋል፤ እዚሁ ነው ያደገው። አለቃ መኪናው ቁልቁለቱን እስኪወርድ ጠብቀው «አገር ይመስክር። ሌባው ተነሥቷል» አሉ። ከዚያ አባታችን ወደ ተቀመጡበት ጥግ ሄደው እግራቸው ላይ ወደቁ። አባታችን ብብታቸውን ይዘው አነሧቸው። በማግሥቱ እሑድ አባታችን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አልፈው ገቡ። የደጁ ድንጋይ ባዶውን ዋለ።

ተዝካሩን የቀመሰው የለም። ሥጋው ለአሞራ ሆነ፣ ጠላው ሻገተ፤ ዘመዶቹ አፍረው ዳሱን አፈረሱት። ደስ አለኝ። እናት ናት ብዬ አልራራሁም። ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ደስ አለኝ።

ሰኞ አለቃ ቤታችን መጥተው አንድ ነገር ነገሩኝ። እሱን ዛሬ አልጽፈውም።

እህትህ ጥሩሸዋ


ዓለም ከተማ፣ መጋቢት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም ዓለሜ፣

ደብዳቤሽን ለባድሩ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ተነሥቶ ጨበጠኝ። ኪሱን በሰም ክር ደራርቤ ሰፍቼው ነው፤ መቀስ የከለከልሽኝ መርፌ አልከለከልሽኝም።

መጥቶብኝ ነበር። ኮቱን ወረወረልኝና «ኪሱ አይከፈትም!» አለ። «ጌታዬ፣ የሐዘን ኮት ነው፤ ኪስ ምን ያደርግልዎታል?» አልኩት። ያን ጊዜ ገና ፊቴን አየኝ። «የማን ልጅ ነህ?» አለ። «የአባይነህ» አልኩት። ኮቱን ትቶ ወጣ። በሳምንቱ ፈቃድህ አልታደሰም ብለው ሱቄን አሸጉት። አትዘኚ፤ የስፌት መኪናዬን አውጥቼ ገበያው መሐል ዛፍ ሥር እሰፋለሁ፤ እንዲያውም ደምበኛ በዛልኝ። የቧንቧው ነገር ያቃጠለው ሁሉ የተቀደደ ልብስ ይዞ እየመጣ ስለ አውጫጭኙ ንገረን ይለኛል።

ግን አልበቃኝም። ስለዚያ ቀን ተገምግሞ ሂሱን ዋጠ አሉ፤ አሁን ደግሞ ወደ ላይ ሊያድግ ነው ይባላል። ቤቱ ቤቱ ነው። ቆርቆሮው ጣራው ላይ ነው። የአባታችን ስም ተመልሷል፣ ተመስገን፤ ከእሱ ግን ምን ወሰድንበት? ሲመልስ ይመመው ብለሽኝ ነበር። የታመመ አይመስለኝም። እናቱ እንኳ ተዝካር አልባ መቅረቷ፣ ጎሽ! እንዲህ ያለውን ወልዳ ሳትቀጣ ትቅር?

አለቃ የነገሩሽን ግን ለምን ሸሸግሽኝ?

ይታየው


አፋፍ ማርያም፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ወንድሜ ይታየው፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ።

ዝም ያልሁህ አፍሬ ነው። መጀመሪያ ያንን «ጎሽ» ያልኸውን መልሰው። እኔም ደስ አለኝ ያልሁትን መልሻለሁ።

ወፏ እማማ ጌታነሽ ነበሩ።

በመጀመሪያው አውጫጭኝ ወደ አለቃ ጆሮ ጠጋ ብለው «ከማሕፀኔ የወጣው ነው፤ ተገኘ ነው» ያሏቸው እሳቸው ናቸው። አለቃ ጠመንጃውን ፈሩና በተገኘ ቦታ አባታችንን ተኩ። መሐላቸው ወፏ በሕይወት እስካለች ስለነበር እማማ ሲሞቱ ነው የተፈቱት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ስሙን ደፍረው የጠሩት የወለዱት እናት ብቻ ነበሩ፤ ሌላው በጆሮም ፈርቶ ነበር። ያን ባና ታቅፈው ደጄ የቆሙት ለዚያ ነው። እኔ አጥር ላይ ወረወርሁባቸው፣ ከሞቱ በኋላም ተዝካራቸውን አስቀረሁ። ለአባታችን ስነግራቸው «ያን ዕለት አለቃ ስሜን ሲጠራ ዓይኗን አይቼ ገብቶኝ ነበር። እናት ናትና በእኔ አፍ አይወጣም ብዬ ነው» አሉ። ይህን ይዘው ነው የታሰሩት፣ ይታየው። አንድም ቀን አልተናገሩም።

ከዚያ ተነሡና «ተዝካሯን እኔ አወጣለሁ» አሉ።

በፋሲካው ማግሥት አገር ወጣ። ለቤት ክዳን ያስቀመጠው ጓሳ ሣር የነበረው ሁሉ ሸክሙን ይዞ መጣ፤ ያ ቆርቆሮ የተሰረቀበት ጤና ኬላ ግድግዳው አለ አይደል፣ እሱን ከደንነው። ጣራ ሲለብስ ዓይኔ አላምን አለኝ። በግ ያለው በግ፣ ገብስ ያለው ገብስ አመጣ። እማማ ጌታነሽን እዚያ ውስጥ አበላንላቸው። ለእግዜር መንገደኛ ሳይቀር ተረፈ። ካህናቱ «ተዝካር አውጪዋ ማነው?» ሲሉ አባታችን «አገሯ» አሉ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ ከሁሉ የባሰ አለቀስሁ። አባታችን ያን ባና ለብሰው ነበር። እኔ ከአጥሩ ወድቆ ጠፋ ስል እሳቸው አንሥተው ጎተራ ሥር ሸሽገውት ኖሯል።

ምን ወሰድንበት ላልኸው ደግሞ መልሱ ይኸውልህ። ባለፈው ሳምንት ተገኘ ሰው ላከ። ነገሩ በርዷል ብሎ ነው መሰል፣ ሙት ዓመቷን በሰፊው ላወጣ አስባለሁ ይላል። ካህናቱ «ተዝካሯ ወጥቷል፤ ልጆቿ አብልተውላታል» ብለው መለሱበት። መልእክተኛው «ልጇ እኮ እሱ ነው» ቢል አለቃ «አውቃለሁ፣ እሷም ነግራኝ ነበር» አሉት። ቤቱን ያዝ ይታየው፣ ቆርቆሮውንም፣ ወንበሩንም። ወደ ላይ ይደግ፣ እስከ ፈለገው ይደግ። የእናቱን ነፍስ ይማር የሚልለት ካህን እዚህ የለም፣ መቃብሯ አጠገብ የሚያስቀምጠው ሰው የለም፣ ሲሞት አፈር የሚያለብሰው የለም። እናቱን ወሰድንበት።

ከዛፉ ሥር ሆነህ ስታየው አትሳደብ። እንደ ሰው ልጅ ከመቀመጫህ ብድግ በልና እጅ ንሣው። «የእናትዎ ተዝካር ያማረ ነበር ጌታዬ፣ አገር ጠግቧል፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት» በለው።

ፊቱን በደንብ እይልኝ። ከዚያ ጻፍልኝ።

እህትህ ጥሩሸዋ አባይነህ